ሞተሪኖው ሳይሞት የተነገረ መርዶ

«ይዞራል፤ ግን አይነሳም።» በጸደይ ወራት በፊዩሚቺኖና በኦስቲያ የጀልባ ማቆሚያዎች ብትመላለሱ ከባሕር ወፎቹ ጩኸት ቀጥሎ ደጋግማችሁ የምትሰሙት ይህንኑ ነው። ባለ ጀልባው ክረምቱን ሙሉ ዘወር ብሎ ያላያትን ጀልባ ፋሲካ ሲደርስ ያስታውሳታል፤ ይመጣል፣ ሸራውን ይገልጣል፣ ቁልፉን ይጠመዝዛል። ሞተሩም እንደ ታመመ ሽማግሌ «እህ... እህ... እህ...» ብሎ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። መካኒክ ይጠራል፣ መካኒኩ ራሱን ይነቀንቃል፣ ዋጋ ይናገራል።

በዚህ ዓምድ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆቻችን አማርኛ ስንነጋገር ቆይተን ዛሬ ወደ ሞተር መግባቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይሆን ይሆናል። ነገሩ ግን ከእንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። ከወገኖቻችን መካከል የጣሊያኖችን ጀልባ በመጠበቅ፣ በማጠብና በመቀባት የሚተዳደሩ አሉ። ቁጥራቸው በየቤቱ እንደሚሠሩትና አዛውንት እንደሚጦሩት አይብዛ እንጂ አሉ። ከእነሱ አንዱ ወዳጄ ነው። በዚህ ጸደይ ዝገት በበላው አንድ ገመድ ምክንያት ሥራውን ሊያጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ወዳጄ የሚጠብቃት ጀልባ 9 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ ባለ ናፍታ ሞተር ናት። የምትታሰረው ፊዩማራ ግራንዴ ላይ ነው። የቴቬሬ ወንዝ ወደ ባሕር ሲቃረብ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ክንድ ይኸው ፊዩማራ ግራንዴ ሲሆን ሁለተኛው የጥንት ሮማውያን የቆፈሩት የፊዩሚቺኖ ቦይ ነው። የጀልባዋ ባለቤት ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበት ሲከዳቸው ነገሩን ሁሉ ለልጃቸው ተዉለት። ልጁ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ለኤፕሪል 25 በዓል ጓደኞቹን ይዞ ፖንዛ ደሴት ሊሄድ አስቦ መጥቶ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ሦስት ጊዜ አቃስቶ ቆመ። የጎረቤት ጀልባ ባለቤት ባትሪና የማስነሻ ገመድ አምጥቶ ቢያያዝለት ግን ወዲያው ተነሳ።

«ተነሳ እኮ! በል ገመዱን ፍታ» አለው ወዳጄን።

ወዳጄ እንቢ አለ። «ፖንዛ ደርሰን ስናጠፋው ባይነሳስ? በመንገድ ላይስ ቢጠፋ?» ቢለው ልጁ በጓደኞቹ ፊት የተዋረደ መሰለው፤ ተቆጣ።

ይህ እንቢታ ከየት እንደመጣ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጀልባ ሲባል ጣሊያኑ የሚያስበው በጋን ነው፤ እኛ የምናስበው ሌላ ነው። ወዳጄ ራሱ በሊቢያ በኩል የመጣ ሰው ነው፤ በባሕር መካከል ሞተር ሲጠፋ የሚመጣውን ጸጥታ ያውቀዋል። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት መጨረሻ ከትሪፖሊ 72 ሰዎች ጭና የተነሳችውን ጀልባ ታስታውሳላችሁ፤ ከተሳፋሪዎቹ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነዳጅ አለቀባቸው። በሳተላይት ስልክ የደወሉት ለኤርትራዊው ካህን ለአባ ሙሴ ዘርዓይ ነበር፤ እሳቸውም እዚሁ ሮማ ለሚገኘው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አሳወቁ። ጀልባዋ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ ሞተር ተንሳፍፋ ተመልሳ ሊቢያ ዳርቻ ወደቀች፤ በመጨረሻ በሕይወት የተረፉት 9 ብቻ ናቸው። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ በ2012 ባወጣው ሪፖርት ጥሪው ተሰምቶ ሳለ ለምን ማንም እንዳልደረሰላቸው መርምሯል። ይህን የሚያውቅ ሰው «አንዴ ከተነሳ ይበቃል» በሚለው አይታለልም።

ልጁ ሽርሽሩን ሰረዘ። በማግስቱ የጀልባ መጠገኛ መካኒክ ጠራ። መካኒኩ መጥቶ ቁልፉን አዞረ፣ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አላዳመጠም፣ «ሞተሪኖው ሞቷል» ብሎ መርዶውን አረዳ። ሞተሪኖና ሁለት አዲስ ባትሪ ከነሥራው 1,350 ዩሮ። ልጁም ወዳጄን «ክረምቱን ሙሉ ችላ ስላልክ ነው፤ ግማሹን ከደመወዝህ እቆርጣለሁ» አለው። ወዳጄ በጣሊያንኛ የተቃውሞ ደብዳቤ እንድጽፍለት ወደ እኔ መጣ። እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ጋዜጠኛ የነበረና በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሁሉን ያውቃል ብለን እናምናለን። እኔ የተማርኩት ስለ ጽሑፍ እንጂ ስለ ሞተር አይደለም። ግን ደብዳቤ የሚጻፈው ማስረጃ ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ማስረጃውን ፍለጋ ጋሼ ዘንድ ሄድን።

ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም። በምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሞተር ባለሙያ ነበሩ፤ በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ አብረው ወጥተው ከብዙ እንግልት በኋላ ሮማ ገቡ። «ኢትዮጵያ» የተባለችውን፣ በ1962 ከአሜሪካ የመጣችውን ትልቋን መርከብ በስም ሲያነሱ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይለወጣል። የነገሩን ሁሉ ጥግ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ያ ጎረቤት ገመድ ሲያያዝላችሁ ጥቁሩን መንከሻ የት ላይ ነው የሰካው? ባትሪው ላይ ወይስ ሞተሩ ላይ?»

ወዳጄ ትንሽ አሰበና «ሞተሩ ብረት ላይ ነው ጋሼ፤ ባትሪው ጠባብ ቦታ ስለሆነ አልተመቸውም» አላቸው።

«እንግዲያው ሞተሪኖህ አልሞተም ልጄ። እሑድ እንሄዳለን» አሉ።

እሑድ ከፒራሚዴ የኦስቲያን ባቡር ይዘን ወረድን፤ ወዳጄ ከጣቢያው በመኪና ወሰደን። መንገድ ላይ ጋሼ ስለ ትልልቅ መርከቦች አጫወቱን። ትልቅ የመርከብ ናፍታ ሞተር የሚነሳው በባትሪ ሳይሆን በታመቀ አየር ነው፤ ስለዚህ በወጣትነታቸው ይህን የባትሪ ችግር የተማሩት ከትንንሾቹ ጀልባዎች ነበር። ወዲያው ደግሞ የጋራዥ ቋንቋችንን አንስተው ሳቁ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ሞተሪኖ፤ ሁሉም ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው። «ሮማ ስገባ እንዴት ዋልክ ማለት አላውቅም ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ግን አንድ ሙሉ ቀን ሳልቸገር ዋልኩ» አሉን።

ጀልባዋ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ውስጥ መክተት ነው። ቀለበት ከባትሪው ሁለት ራሶች መካከል ከገባ ጣት ያቃጥላል። ቀጥለው የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዘው አዩት፤ ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ወተት አልመሰለም። ወተት ቢመስል ውኃ ገብቶበታል ማለት ነበር። ከዚያ በቁልፍ መፍቻ የሞተሩን ፑሌጃ ይዘው በእጃቸው አዞሩት፤ ከበድ ቢልም ዞረ። «ሞተሩ አልተጣበቀም፣ ሲሊንደሩም ውኃ አልያዘም። ይህን ሳታይ ቁልፍ አታዙር» አሉት ወዳጄን። ውኃ በያዘ ሲሊንደር ላይ ሞተሪኖ ቢጫኑበት ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የሞተሩ አንጀት ይጣመማል።

አሁን ቴስተር አወጡ። በገበያ 15 ወይም 20 ዩሮ የሚሸጠው ተራው ዓይነት ነው። ወዳጄ ባትሪውን ማታውን ሞልቶት ጠዋት ከቻርጀሩ ነቅሎታል፤ ምንም ሳይነካ ቢለኩት 12.6 ቮልት። ይህ ያረፈና የሞላ ባትሪ ልክ ነው። 12.2 ቢሆን ግማሹ ብቻ አለ ማለት ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ እንጂ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሆኖም ያረፈ ባትሪ ሲለኩት ሊዋሽ ይችላል፤ አርጅቶም 12.6 ያሳያል፣ ሸክም ሲመጣበት ግን ይወድቃል። እውነቱ የሚታወቀው ሞተሪኖው ሲጎትተው ነው።

ስለዚህ ማርሹ ነጻ መሆኑን አረጋገጡ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ የማጥፊያውን ገመድ ስበው ነዳጁን ዘጉ፣ የባሕር ውኃ ማስገቢያውንም ዘጉ (የዚህን ምክንያት እመለስበታለሁ)። «አዙር» አሉት። ወዳጄ አዞረ፤ «እህ... እህ... እህ...»። ከባትሪው ራስ እስከ ራስ 11 ቮልት። ጋሼ ቀና ብለው አዩን። የደከመ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ሲጎተት ከ9.6 ቮልት በታች ይወርድ ነበር። ይሄ ቆሟል፤ ጉልበት አለው፤ ግን ጉልበቱ አይደርስም።

ሁለተኛ ልኬት፤ እዚያው ሞተሪኖው ላይ፣ ከወፍራሙ ገመድ ቡሎን እስከ ሞተሪኖው አካል። 8.2 ቮልት። 2.8 ቮልት መንገድ ላይ ጠፋ። የት?

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው፤ ገመዱን በዓይኑ ያያል፣ ወፍራም ነው፣ ደህና ነው ይላል። ወይም ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ ሲለካ ዜሮ ይለዋል፤ ደህና ነው ይላል። ሞተሪኖ የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ግን መቶና ሁለት መቶ አምፔር ነው። በ150 አምፔር 2.4 ቮልት ለመብላት 0.016 ኦም ይበቃል፤ ተራ ቴስተር ይህን አያይም። ስለዚህ መለካት ያለበት መስመሩ ሸክም ተሸክሞ ሳለ ነው። ጋሼም እንዲሁ አደረጉ። አንዱን መርፌ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ (በመንከሻው ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ)፣ ሁለተኛውን በሞተሪኖው ቡሎን ላይ አድርገው አስዞሩ፤ 0.4 ቮልት። በዚያ መስመር ላይ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያም አለ፤ እስከ ግማሽ ቮልት ይታገሱታል። ቀጥለው አንዱን በኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ። «አዙር።» 2.4 ቮልት። ከ0.3 መብለጥ አልነበረበትም።

«ማሳው ነው» አሉ። የኔጋቲቩ ገመድ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚገናኝበት ማለታቸው ነው። ወዳጄ እጁን ሰዶ ቢነካው ገመዱ ጫፉ ላይ ይሞቃል። ይህም አንድ ምልክት ነው፤ ሞተሪኖ ከሠራ በኋላ ቴስተር የሌለው ሰው መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይንካ፤ የሞቀው ሌባው ነው።

ገመዱ ሲፈታ (ሁልጊዜ ኔጋቲቩ ከባትሪው ቀድሞ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል) ቡሎኑ ሥር ቀለምና ዝገት ተነባብሯል። እሱስ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። የባሰው ገመዱ ራሱ ነበር። ላዩን የሸፈነው ጎማ ደህና ይመስላል፤ ጋሼ ጫፉን በቢላ ሲሰነጥቁት ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴና ጥቁር ዱቄት ሆኖ እጃቸው ላይ ረገፈ። ጨው በገመዱ ጫፍ በኩል ገብቶ በመዳቡ ክሮች መካከል እየተሳበ ስንት ዓመት በልቶታል። ለጀልባ የሚሸጠው ደህና ገመድ እያንዳንዱ ክር በቆርቆሮ የተለበጠ ነው፤ ይሄኛው የመኪና ገመድ ነበር። ማን እንዳስገባው አይታወቅም፤ ከወዳጄ ዘመን በፊት ነው።

የጎረቤቱ ገመድ ለምን እንዳስነሳው አሁን ተገለጠልን። ጥቁሩ መንከሻ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ስለተሰካ በሽተኛውን ገመድ ዘሎ አለፈ። ባትሪው ላይ ሰክቶት ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ያው ያቃስት ነበር።

ሞተሪኖው በ8 ቮልት እየተንቀራፈፈ ሞተሩ ለምን እንደማይነሳም ጠይቄያቸው ነበር። ናፍታ ሞተር የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም፤ እሳቱ የሚመጣው ፒስተኑ አየሩን በፍጥነት ሲያምቀውና አየሩ ሲግል ነው። ቀስ ብሎ ከዞረ አየሩ በቀለበቶቹ ዳር ያመልጣል፣ ሙቀቱም ወደ ብረቱ ይሄዳል፤ ናፍታው ይረጫል እንጂ አይነድም። ስለዚህ ሰዎች ነዳጅ ፊልትሮ ሲቀይሩ፣ ፖምፓ ሲፈቱ ይውላሉ። መጀመሪያ ፍጥነቱ ይስተካከል፤ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ያኔ ስለ ነዳጅ እንነጋገራለን ይላሉ ጋሼ።

የተለበጠ አዲስ ገመድ፣ 50 ካሬ ሚሊሜትር፣ ጫፎቹ ተጨፍልቀው የተዘጋጁ፣ ከ30 ዩሮ ባነሰ ተገዛ። የሞተሩ ብረት ተፋቀ፣ ቡሎኑ ታሰረ፣ ከታሰረ በኋላ (በፊት አይደለም) ግራሶ ተቀባ። ሞተሪኖው ላይ 9.9 ቮልት ደረሰ። የሚገርመው፣ ባትሪው ራሱ ላይ ሲለካ ከ11 ወደ 10.4 ወርዷል። ወዳጄ ደነገጠ፤ ጋሼ ግን ደስ አላቸው። መንገዱ ሲከፈት ሞተሪኖው የሚገባውን ያህል መጠጣት ጀመረ፤ ባትሪውም አሁን በእውነት እየሠራ ነው። ውኃውን ከፍተው፣ ማጥፊያውን መልሰው አንድ ጊዜ ቢያዞሩት ተነሳ።

ልኬቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ፍርዱም ሌላ ይሆን ነበር። ባትሪው 12.6 አሳይቶ ሲጎተት ወደ 8 ቢወድቅና ሞተሩ በእጅ ቢዞር ባትሪው ነው፤ ወደ መሸጫ ወስዶ ማስፈተሽ። ሞተሪኖው ድረስ ከ10 በላይ እየደረሰው ቢያቃስት ያኔ መካኒኩ እውነቱን ነበር፤ የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል ወይም ኩሽኔታው ተበልቷል። ያም ቢሆን ሞተሪኖን የሚያድስ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሮማ ውስጥ አይጠፋም፤ አዲስ ከመግዛት በፊት እዚያ ይጠየቅ። ቤንዚን ሞተር ላይ ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ነገር፤ ቁልፍ ከማዞራችሁ፣ ገመድም ከማያያዛችሁ በፊት የሞተር ክፍሉን ከፍታችሁ ማናፈሻውን ቢያንስ 4 ደቂቃ አስነሱት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል።

የውኃ ማስገቢያውን ነገር ቃል ገብቼ ነበር። የጀልባ ሞተር ከባሕር በሚስበው ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ያ ውኃ የሚወጣው ከጭሱ ጋር ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ደጋግማችሁ ስታዞሩት ፖምፓው ውኃ ይገፋል፣ የሚገፋው ጭስ ግን የለም። ውኃው በጭስ ማውጫው ሳጥን ተጠራቅሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ይገባል። በ30 ዩሮ ገመድ የጀመረ በሽታ በሞተር ግዢ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ስለዚህ ብዙ መዞር ካለበት ውኃው ይዘጋ፤ እንደተነሳ ወዲያው ይከፈት፣ አለዚያ የፖምፓው ጎማ ይቃጠላል። በአንድ ጊዜም ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ ሞተሪኖውን ሁለት ደቂቃ አሳርፉት።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት ተለካ፤ ዲናሞው ይሞላል ማለት ነው። እኔም ደብዳቤውን ጻፍኩ። የተቃውሞ ቃል አልነበረበትም፤ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተለኩት ቁጥሮች፣ የገመዱ ደረሰኝና የተሰነጠቀው ገመድ ፎቶግራፍ ብቻ። ልጁ ደመወዝ አልቆረጠም። ይቅርታም አልጠየቀም፤ የገመዱን ዋጋ ግን ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት ወዳጄን «ምን ይላል ቴስተሩ?» ብሎ ይጠይቀዋል አሉ። ወዳጄም በጀልባዋ መሪ አጠገብ 1530 የሚለውን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የአደጋ ስልክ በትልቁ ጽፎ ለጥፏል፤ ሬዲዮ ላላቸው ቻናል 16 ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ደወለ። ጣና ላይ ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ላይ ይሠራል፤ ሞተሪኖ ከጣሊያን እንድልክለት ፈለገ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ በሐይቁ መካከል መቆም ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልቀለድኩበትም፤ ግን ጥያቄዎቹን ጠየቅኩት። ከጎረቤት ቴስተር ተውሶ ማታውን ለካ። ሳይነካ 12.1 ቮልት። ጋሼ፣ «መጀመሪያ ሞልቶ ያሳድረውና እያዞረ እንደገና ይለካ፤ በሁለቱም መስመር» ብለዋል። የሚቀጥለውን ቁጥር እየጠበቅን ነው።